ምንም ሳያመኝ የክላሚዲያ ምርመራ ለምን ታዘዘልኝ?

ሲልቨር ስፕሪንግ 22፦

ሰላም እህቶቼ። ዕድሜዬ 22 ነው፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ ካገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሰሞኑን ለዓመታዊ ቼክአፕ ሄጄ ነርሷ ደም ግፊቴን ለካች፣ ክብደቴን መዘነች፣ ከዚያ «ግንኙነት ታደርጊያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ባለትዳር ነኝ አልኳት። ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገችና «እንግዲያው ክላሚዲያና ጨብጥ የሚባሉትን በግንኙነት የሚተላለፉ በሽታዎች እንመረምርሻለን» ብላ የሽንት ዕቃ ሰጠችኝ። በጣም ደነገጥኩ። ፈሳሽ የለኝም፣ ሽንቴ አያቃጥለኝም፣ ከባለቤቴ በፊት የነበረኝ ጓደኛም አንድ ብቻ ነው። «ዛሬ ይቅር፣ ሌላ ጊዜ» ብዬ ዕቃውን መልሼላት ወጣሁ።

ደግሞ እኔና ባለቤቴ ከሠርጋችን በፊት ቤተ ክርስቲያኑ የምርመራ ወረቀት አምጡ ብሎን ሁለታችንም ተመርምረን ነጻ ነን። ታዲያ አሁን ምን አዲስ ነገር ተገኘ? ሐበሻ ስለሆንኩ ይሆን? ሌላው ያስጨነቀኝ ኢንሹራንሴ ገና በአባቴ ነው። ደብዳቤው ሁሉ የሚመጣው እነሱ ቤት ነው። አባዬ የመጣውን ፖስታ ሁሉ ይከፍታል፣ እማዬ ደግሞ አጠገቡ ቁጭ ብላ «ምን ይላል?» እያለች ታስነብበዋለች። ባለቤቴንስ ምን ብዬ ነው የማስረዳው? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሐቀኛው፦

እህቴ፣ እዚህ አገር ያለ ምርመራ የሚኖር ክሊኒክ የለም። ኢንሹራንሱን ለማስከፈል ነው። ካላመመሽ ምንም የለብሽም፣ ተረጋጊ።

የሴቶች ክሊኒክ ነርስ፦

የኔ እህት፣ እኔ በዚሁ በአንቺ አካባቢ በሴቶች ክሊኒክ ረጅም ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ፤ ያንቺ ዕድሜ ያላት ልጅም አለችኝ። ያን የሽንት ዕቃ ስሰጣቸው የእኛ ልጆች ፊት ላይ የሚመጣውን ነገር አውቀዋለሁ። «ምን አይታብኝ ነው?» የሚል ፊት ነው። ነርሷ ምንም አላየችብሽም። ያየችው የትውልድ ዘመንሽን ነው።

አሜሪካ ውስጥ የትኛው ቅድመ ምርመራ ለማን ይደረግ ብሎ ምክር የሚያወጣ የባለሙያዎች ግብረ ኃይል አለ። በሴፕቴምበር 2021 ባደሰው ምክር፣ ግንኙነት የጀመረች 24 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነች ሴት ሁሉ ክላሚዲያና ጨብጥ ትመርመር ይላል። ያገባችም፣ ያላገባችም፣ ያረገዘችም። 25 ከሞላት በኋላ ነው «አዲስ ጓደኛ አለሽ ወይ? ጓደኛሽ ሌላ ሴት አለችው ወይ?» ተብሎ የሚታየው። ባንቺ ዕድሜ ግን የሰው ጠባይ ውስጥ ሳይገባ ለሁሉም ይታዘዛል። ነጯም፣ ጥቁሯም፣ የፓስተር ልጅም፣ የሐኪም ልጅም ያው ዕቃ ነው የሚሰጣት። ኢንሹራንሶችም ክሊኒኮች ከ16 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች ስንቶቹን እንደመረመሩ ይከታተላሉ። ኮምፒውተሩ ራሱ ያስታውሰናል።

ከላይ «ካላመመሽ የለብሽም» ያልከው ወንድሜ፣ ይህን አባባል ክፉኛ እፈራዋለሁ። የክላሚዲያ ዋናው ችግሩ አለማመሙ ነው። የያዛቸው አብዛኞቹ ሴቶች ምንም አይሰማቸውም፤ ወንዶቹም ብዙዎቹ እንደዚያው። እዚህ አገር በ2022 ብቻ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሰው ተገኝቶበታል፤ ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ15 እስከ 24 ዓመት ያሉ ናቸው። በወጣት ሴት የማህፀን ጫፍ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ገና ወደ ውጭ የወጣ ስለሆነ ጀርሙ በቀላሉ ይይዘዋል። ካልታከመ ከ100 ሴቶች ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ ወደ ማህፀንና እንቁላል ወደሚያልፍባቸው ቱቦዎች ይወጣል። ቱቦው ሲቆስል ጠባሳ ይተዋል። ያ ጠባሳ ነው ከዓመታት በኋላ አንዷን መውለድ የሚከለክላት፣ ሌላዋን ከማህፀን ውጭ የሚያስረግዛት። መድኃኒት ጀርሙን ይገድላል እንጂ ጠባሳውን አይመልስም። ስለዚህ ነው ቀድመን የምንፈልገው። በ1996 የታተመ የሲያትል ጥናት ከ2,600 በላይ ሴቶችን ይዞ ነበር። ለክላሚዲያ ምርመራ የተጠሩት ሴቶች በዓመቱ የማህፀንና የቱቦ ኢንፌክሽን የያዛቸው ካልተጠሩት ከግማሽ ባነሰ መጠን ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት የኤችአይቪ ነው አይደል? እሱ ክላሚዲያን አይነካም። ብዙ ሙሽሮች ያን ወረቀት ይዘው «ሙሉ ምርመራ አድርገናል» ይሉኛል። ወረቀቱ መልካም ነገር ነው፣ ግን ያየው አንድ በሽታ ነው።

አገር ቤት ያደግን ሰዎች ደግሞ ምርመራ የምናውቀው ሲያመን ነው። ፈሳሽ ያላት ሴት ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፣ በምልክቷ ተጠርጥሮ ለሁለትና ለሦስት በሽታ የሚሆን መድኃኒት አንድ ላይ ይሰጣታል። እርጉዝ ከሆነች ኤችአይቪና ቂጥኝ ትመረመራለች። ምልክት የሌላትን ሴት ጠርቶ ክላሚዲያ የሚፈልግባት የለም፤ የላቦራቶሪው ወጪም ቀላል አይደለም። ስለዚህ እዚህ ስንመጣ «ሳላመም ምን ታደርጉኛላችሁ» ማለታችን አይገርመኝም። ግን አንቺ አሁን ምርመራው በነጻ በሚገኝበት አገር ነሽ። እምቢ የማለት መብትሽ ሙሉ ነው፤ ማንም አያስገድድሽም። እኔ ግን እንደ ልጄ ነው የምለምንሽ፣ እምቢ አትበዪ።

ስለ ኢንሹራንሱ። በ2010 በወጣው የጤና ሕግ መሠረት ይህ መከላከያ ምርመራ ስለሆነ አብዛኛው ኢንሹራንስ ኮፔይ (ከኪስሽ የሚከፈል ድርሻ) ሳያስከፍል ይሸፍነዋል። ጭንቀትሽ ግን ስለ ገንዘቡ እንዳልሆነ ገብቶኛል። «ይህ ቢል አይደለም» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ምን ምን እንደተሠራልሽ የሚዘረዝር ደብዳቤ ለኢንሹራንሱ ባለቤት፣ ማለትም ለአባትሽ ሊላክ ይችላል። አንዳንዱ «ላቦራቶሪ» ብሎ ያልፈዋል፣ አንዳንዱ በስሙ ይጽፈዋል። ከቀጠሮሽ በፊት ካርድሽ ጀርባ ላይ ባለው ስልክ ደውዪና «ስለ እኔ የሚላከው ደብዳቤ በራሴ አድራሻ ይምጣልኝ፤ ወላጆቼ ቤት ከደረሰ ችግር ላይ ይጥለኛል» በያቸው። ይህን የመጠየቅ መብት በሕግ አለሽ። ፎርም ይልኩልሻል፣ ሞልተሽ መልሺ፣ መመዝገቡንም እንደገና ደውለሽ አረጋግጪ። ይህ ካላማረሽ የካውንቲው ጤና ቢሮ አለ። ለሜሪላንድ ነዋሪዎች ደግሞ ከ2004 ጀምሮ ጆንስ ሆፕኪንስ «አይ ዋንት ዘ ኪት» በሚል ስም መመርመሪያውን በፖስታ ይልካል፤ ቤትሽ ናሙናውን ወስደሽ ትመልሺላቸዋለሽ። በኢንሹራንስ በኩል አያልፍም።

አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝኛ የሚከብዳት እህት ይህን የምታነብ ከሆነ፣ ባልሽን ወይም ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊ። የስልክ አስተርጓሚ ጠይቂ። «አስተርጓሚዋ ብታውቀኝስ» የሚል ፍርሃት አለ፤ ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው፣ ፍርሃቱ እውነት ነው። ለክሊኒኩ «ስሜን ለአስተርጓሚዋ አትንገሩ» ማለት ትችያለሽ። እኔ ራሴ ሁልጊዜ «ታካሚዋ» እያልኩ ነው የማስተረጉመው።

ስሜን ተዉት፦

ነርሷ ያለችውን አንብቤ መጻፍ አለብኝ ብዬ ነው። እኔ 31 ዓመቴ ላይ አረገዝኩ፤ ከባለቤቴ ጋር ስንጠብቀው የኖርነው ነበር። አንድ ቀን ሥራ ቦታ ቆሜ ሳለሁ የግራ ጎኔን ሕመም ያዘኝ፣ ከዚያ ትከሻዬ ድረስ ወጣ። ድንገተኛ ክፍል ስደርስ ጽንሱ ቱቦው ውስጥ እንደሆነና ቱቦው እየደማ እንደሆነ ነገሩኝ። በዚያው ሌሊት ኦፕራሲዮን ሆንኩ፤ አንድ ቱቦዬ ወጣ። ሐኪሟ ሌላኛውም አካባቢው ጠባሳ አለው አለችኝና «ከዚህ በፊት ክላሚዲያ ነበረብሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? በሃያዎቹ ዕድሜዬ ቤይሩት ነበርኩ፣ በሰው ቤት። ለኮንትራት ሲወስዱን ደማችንን መርምረዋል፣ ሳንባችንን አንስተዋል። ስለዚህ በሽታ የነገረኝም የመረመረኝም አልነበረም። በእርግጥ እሱ ይሁን ሌላ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም።

አንቺ 22 ነሽ። የኔ እህት፣ ተመርመሪ።

የለንደኗ አዋላጅ፦

እኔ በእንግሊዝ አዋላጅ ነርስ ነኝ። እዚህም ከ25 ዓመት በታች ለሆኑ ሴቶች ጂፒ (የቤተሰብ ሐኪም) ጋ ሲሄዱም ሆነ ፋርማሲ ሲገቡ የክላሚዲያ ምርመራ ይቀርብላቸዋል። በየዓመቱ፣ ወይም ጓደኛ በቀየሩ ቁጥር። ድሮ ወጣት ወንዶችም እንዲሁ ይጠየቁ ነበር፤ ከጁን 2021 ወዲህ ግን ከአባላዘር በሽታ ክሊኒኮች ውጭ የሚቀርበው በሴቶቹ ላይ እንዲያተኩር ተደርጓል፣ ጉዳቱ የሚብሰው በማህፀን ስለሆነ። ወንድ መመርመር ከፈለገ ክሊኒክ ሄዶ ይመረመራል።

ነርሷ ባለችው ላይ አንድ የምጨምረው አለኝ። አንዴ ነጻ ነሽ መባል ለዘላለም አይደለም። በ2010 የወጣ የለንደን ጥናት ከ2,500 በላይ ተማሪ ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። በዓመቱ ውስጥ የማህፀንና የቱቦ ኢንፌክሽን ከያዛቸው አብዛኞቹ መጀመሪያ ላይ ሲመረመሩ ክላሚዲያ ያልነበረባቸው ናቸው። አንድ ጊዜ አድርጎ መርሳት አይሆንም ማለት ነው።

የአሌክሳንድሪያው አባወራ፦

የወንድ አስተያየት ከተፈቀደልኝ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ስታረግዝ ክሊኒኩ መርምሮ ተገኘባት። ከተጋባን ዓመት አልፎን ነበር። በዚያ ሳምንት ቤታችን ሰላም አልነበረውም፤ ሽማግሌ ለመጥራት ተቃርበን ነበር። ሐኪሟ ሁለታችንንም አስቀምጣ «ምርመራው ማን እንዳመጣው አይናገርም፣ መቼ እንደገባም አይናገርም» አለችን። አንዳንድ ሰው ላይ ሳይታወቅ ከዓመት በላይ ሊቆይ እንደሚችል ነገረችን። እርጉዝ ስለነበረች አዚትሮማይሲን በአንድ ጊዜ ወሰደች፣ እኔም ታከምኩ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ጠፍቶ እንደሆነ እንደገና አዩላት። ጠፍቷል። እናቲቱ ካልታከመች በወሊድ ጊዜ ወደ ሕፃኑ ዓይንና ሳንባ ሊሄድ ይችላል አሉን፤ ልጃችን በሰላም ተወለደ። ለባልሽ ስትነግሪው «በዕድሜዬ ላሉ ሁሉ የሚታዘዝ ነው» በዪው። ውጤቱን አብራችሁ ጠብቁ። ውጤት ከመምጣቱ በፊት መካሰስ ምን ይጠቅማል።

የደብረ ማርቆስ ልጅ፦

ይቅርታ ከርዕሱ ወጣ ልል ነው። ክላሚዲያ ስትሉ እኛ አገር ዓይን የሚያጠፋው ትራኮማ ከዚሁ ጀርም ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። አያቴ የዓይኗ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ኦፕራሲዮን ሆናለች። እሷ ደግሞ የተከበረች መነኩሲት ናት። ታዲያ እንዴት ነው ነገሩ?

የሴቶች ክሊኒክ ነርስ፦

ጥሩ ጠየቅህ ወንድሜ። የአያትህ ነገር ከዚህ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም፤ ማንም እንዳያሳዝናቸው። ጀርሙ በስሙ አንድ ነው፣ ዝርያው ግን ይለያል። ትራኮማ የሚያመጣው ዝርያ በልጆች እጅ፣ በፎጣና በነጠላ፣ በዝንብ አማካይነት ከዓይን ወደ ዓይን ይሄዳል። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ለመላው ቀበሌ አንድ ላይ የሚታደለው ዚትሮማክስ የሚባለው መድኃኒት ይህን ለማጥፋት ነው። የብልቱ ዝርያ ግን በግንኙነት ነው የሚተላለፈው። በሽንት ቤት መቀመጫ፣ በፎጣ፣ በመዋኛ አይመጣም። ይህን የምለው ሁለቱንም ወገን አስቤ ነው፤ «ሽንት ቤት ነው ያስያዘኝ» ብላ ባሏን ሳታሳክም የምትቀር ሴት መልሶ ይይዛታል።

አባወራው ያለውን ደግሞ እኔም አጸናለሁ። ፖዘቲቭ ውጤት የክስ ማስረጃ አይደለም። ከትዳር በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል፣ ከእሱም ከእሷም። ይህን ለይቶ የሚያሳይ ላቦራቶሪ የለም።

ሲልቨር ስፕሪንግ 22፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ስሜን ተዉት» ያልሽው እህቴ፣ የጻፍሽውን አንብቤ አለቀስኩ። ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። መጀመሪያ ዝም አለ፤ ከዚያ የአባወራውን ጽሑፍ አስነበብኩት። «እኔም አብሬሽ እመረመራለሁ» አለኝ። ኢንሹራንሱ ጋ ደውዬ ፎርሙን በኢሜይል ላኩልኝ። ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው። እትዬ ነርሷ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ በሽንት ይሻላል ወይስ በሌላ? ከመሄዴ በፊትስ ምን ላድርግ? ጾም ላይም ነኝ።

የሴቶች ክሊኒክ ነርስ፦

ባልሽን እግዚአብሔር ያክብረው። እንዲህ ያለ ባል ይብዛልን።

ለሴት ከሽንቱ ይልቅ ከብልት የሚወሰደው ናሙና ይሻላል፤ ሽንቱ ጥቂቱን ሊስተው ይችላል። ማንም አይነካሽም፣ ራስሽ ነሽ የምትወስጂው። ለኮቪድ አፍንጫ ውስጥ ይገባ የነበረው ዓይነት ቀጭን ዘንግ ይሰጡሻል። ሽንት ቤት ገብተሽ በሩን ትዘጊያለሽ። ሁለት ኢንች ያህል አስገብተሽ ጎንና ጎኑን እያስነካሽ ቀስ ብለሽ ታዞሪዋለሽ፣ እስከ ሠላሳ እስክትቆጥሪ። ከዚያ ፈሳሹ ያለበት ቱቦ ውስጥ ትከቺውና ዘንጉ ላይ ምልክት የተደረገበት ጋ ቀጭ አድርገሽ ትሰብሪዋለሽ፤ ጫፉ ውስጥ ይቀራል፣ ክዳኑን ጠበቅ። ከዘንጉ በፊት ቱቦው ውስጥ ያለውን ፈሳሽ እንዳትደፊው፤ ውኃ መስሏቸው የሚደፉት አሉ።

ሽንት ከመረጥሽ ደግሞ ሌላ ጊዜ ከለመድሽው ይለያል። ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን «ታጠቢ፣ የመጀመሪያውን ልቀቂ፣ መሐሉን ያዢ» ይላሉ አይደል? እዚህ ተቃራኒው ነው። ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳትሸኚ ትቆያለሽ፣ እዚያው አትታጠቢም፣ የመጀመሪያዋን ትንሿን ነው ዕቃው ውስጥ የምትይዢው። የእኛ ሴቶች ሐኪም ፊት ንጹሕ ሆኖ መቅረብ ስለሚወዱ ዕቃውን ይዘው መጀመሪያ ይታጠባሉ። ጀርሙ በዚያች በመጀመሪያዋ ጠብታ ነው የሚገኘው፣ አጥበሽ አትስደጂው።

በዚያው ናሙና ጨብጥም ይታያል፣ ሌላ አያስፈልግሽም። ለምርመራው መብላትም መጾምም ለውጥ የለውም።

ፖዘቲቭ ከሆነ የሚታዘዝልሽ ዶክሲሳይክሊን ነው፣ 100 ሚሊግራም፣ ጠዋትና ማታ፣ ለሰባት ቀን። እርጉዝ የሆንሽ ከመሰለሽ ግን መጀመሪያ ንገሪያቸው፣ ሌላ ነው የሚሰጡሽ። ባለቤትሽ አብሮሽ ይታከማል፤ መምጣት ባይመቸው እንኳ ሜሪላንድ ውስጥ ሐኪም በአንቺ በኩል ለእሱ መድኃኒት ማዘዝ ይፈቀድለታል። ሁለታችሁም እስክትጨርሱ ድረስ አትገናኙ። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰሽ ተመርመሪ፣ እንደገና የሚይዛቸው ብዙ ናቸው። ቸኩለሽ በሁለተኛው ሳምንት ብትመረመሪ የሞተው ጀርም ቅሪት ፖዘቲቭ ሊያሳይሽና በከንቱ ሊያስጨንቅሽ ይችላል።

ስለ ጾሙ፣ የጠዋቱን ክኒን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጠብቅ ብለሽ ሁለቱን አታቀራርቢ። ባዶ ሆድ ላይ ያቅለሸልሻል፣ በትንሽ ውኃ ብቻ ውጠሽ ወዲያው ከተጋደምሽ ጉሮሮሽን ያቃጥልሻል። ትልቅ ብርጭቆ ውኃ ጠጪ፣ ትንሽ ቅመሺ፣ ቁጭ ብለሽ ቆዪ። ለንስሐ አባትሽ መድኃኒት ላይ ነኝ በያቸው፤ የምን መድኃኒት እንደሆነ የመናገር ግዴታ የለብሽም። የብረት ክኒን የምትወስጂ ከሆነ ሁለቱን አንድ ላይ አትውሰጂ፣ ፀሐይም ቆዳሽን ስለሚያስቆጣ ተሸፈኚ። ሐሙስ ከሄድሽ በኋላ ያልገባሽ ነገር ካለ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ማታ ከሥራ ስወጣ አያለሁ።